ለኩርፊያ የሚሆን ክፍል

ኩርፊያ ቦታ ይፈልጋል። ሰፊ ቤት ያለው ሰው ይህን አያውቅም። ሲከፋው መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል፣ ሲበርድለት ይወጣል፤ መካከል ላይ ግድግዳው የሠራለትን ሥራ ልብ አይልም። ልብ የሚባለው ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ባለ ጎማ ቤት ውስጥ ሲገቡ ነው።

ሜሪላንድ ያለውን ቤታችንን አከራይተን፣ አርቪ የሚሉትን ባለ ጎማ ቤት ገዝተን፣ የአሜሪካን ብሔራዊ ፓርኮች ከልጆቻችን ጋር በእግር ልናይ ከወጣን ወዲህ ጠያቂ አጥተን አናውቅም። "ሽንት ቤቱስ?" ይላል አንዱ። "የልጆቹ ትምህርትስ?" ትላለች ሌላዋ። "ሌሊት አትፈሩም?" የማይል የለም። "ስትጣሉስ የት ትሄዳላችሁ?" ያለን ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። ዋናው ጥያቄ ግን እሱ ነበር።

እናቴ ደጀን ባለው ቤቷ ኩርፊያን በደረጃ ነበር የምታካሂደው። ቀላሉ ጓዳ ገብቶ ድስትና ክዳን ማጋጨት ነው። ከበድ ሲል ጎረቤት ቡና ይጠጣል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ይቆያል፤ ካለቀም በኋላ ይቆያል። የመጨረሻው ነጠላ አጣፍቶ ወላጅ ቤት መሄድ ሲሆን፣ ከዚያ የሚመልሳት ሽማግሌ ብቻ ነው። አባቴ ደረጃዎቹን ለይቶ ያውቅ ነበር። ከደጅ ሆኖ የድስቱን ድምፅ ሰምቶ ወይ ይገባል፣ ወይ ከመንገዱ ይመለሳል።

እኛ ዘንድ ጓዳውም፣ ሳሎኑም፣ መኝታ ቤቱም በአንድ መተላለፊያ ተደርድረዋል። የሚዘጋ በር ያለው ሽንት ቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ጉልበት ከበሩ ሳይጋጭ አያስቀምጥም። ስለዚህ ያኮረፈው ከኋላ አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ የተኮረፈበት ከፊት ሹፌሩ ወንበር ላይ። ትንሽ እንደቆየ አንዱን ውሃ ይጠማዋል። መተላለፊያው ሁለት ሰው አያሳልፍም፤ አንዱ ምድጃው ላይ ካልተለጠፈ ሌላው ማለፍ አይችልም። "እስቲ አሳልፈኝ" ማለት ግድ ነው። "እስቲ አሳልፈኝ" ከተባለ ደግሞ ኩርፊያው ፈረሰ፤ እንደገና ከሀ መጀመር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ አዲስ ጥፋት ያስፈልጋል። ከሁላችንም የተሻለ ዕድል ያላት ትልቋ ልጄ ናት። ከሹፌሩ ራስ በላይ ወደፊት የወጣው አልጋ የእሷ ነው፣ መጋረጃ አለው። መኪናው ቆሞ መጋረጃው ከተዘጋ ማንም አይጠራትም፤ እሷም እንደማትጠራ አውቃ የማንንም ወሬ ሳታስቀር ታዳምጣለች።

ይህን ኑሮ ለዘመድ ማስረዳት ከመንዳቱ ይከብዳል። የሐበሻ ቤተሰብ "ቤታችንን ትተን መኪና ውስጥ ነው የምንኖረው" የሚል ወሬ ሲሰማ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ማዋጣት ይጀምራል። አንዲት አክስቴ ለባሌ እንዳልነግር አስምላ ሦስት መቶ ዶላር ልካልኛለች። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ደግሞ ደውለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ለመዝገቡ ያህል ነው እንጂ... አያድርገውና አንድ ነገር ብትሆኑ የት ነው የምንመጣው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዓመቱን ሙሉ በአርቪ የሚኖር ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚጻፍ፣ ፖስታ የሚቀበልበት አድራሻ ያስፈልገዋል። አብዛኛው ቴክሳስን፣ ፍሎሪዳን ወይም ሳውዝ ዳኮታን ይመርጣል፤ ሦስቱም የስቴት የገቢ ግብር የላቸውም።

"ሳውዝ ዳኮታ ነን" አልኳቸው።

"ሐበሻ አለ?"

"ሱ ፎልስ ሞልቷል።"

"እንግዲያውስ ደህና። ቀባሪ አይጠፋም" ብለው ዘጉት።

የጠባችን ምንጭ ምንድነው ቢባል፣ ያለ ጥርጥር የኋላ ማርሽ ነው። ካምፕ ሲደረስ ይህን ሁሉ ቤት በዛፍና በቋጥኝ መካከል ወደኋላ ማስገባት አለ። ባለቤቴ ይነዳል፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ረዳት ነኝ። ቢሮ ውስጥ በእንግሊዝኛ ስብሰባ ስመራ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ሰዓት ግን ከአፌ የሚወጣው የመርካቶ አውቶቡስ ተራ ቋንቋ ነው። "ና! ና! ና! ቀኝ ስበር! ስበር እንጂ! አቅና! ና... ና... በቃ! በቃ አልኩህ እኮ!" የካምፑ ሰዎች አብዛኞቹ ጡረተኛ ባልና ሚስቶች ናቸው። አመሻሽ ላይ ታጣፊ ወንበራቸውን አውጥተው፣ ቢራቸውን ይዘው፣ አዲስ ገቢ ሲመጣ ያያሉ። ትርዒቱ እኛ ነን። ባለቤቴ ወርዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ምን ያስጮህሻል?" ይለኛል። እኔ ለወንበረኞቹ ፈገግ እያልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ እመልስለታለሁ። ዩታ ውስጥ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ በማግስቱ ሌላ መኪና ሲገባ ተነሥተው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ "ና! ና! ና!" ሲሉ ሰማኋቸው። ሹፌሩ የኦሃዮ ሰው ነው። አንድም ዛፍ ሳይነካ ገባ።

ሁለተኛው ምንጭ መብራት ነው። ከካምፑ የምናገኘው 30 አምፕ ነው፤ በ120 ቮልት ሲባዛ 3,600 ዋት። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ብቻውን 1,500 ገደማ ይበላል፣ ኤሲው ከዚያ ብዙም አይተናነስም፣ የውሃ ማሞቂያው የራሱ አለው። ሦስቱ ሲገናኙ ብሬከሩ ይወርዳል። በሐምሌ፣ አሪዞና ላይ፣ እንጀራ መጋገር ማለት እንግዲህ ቤተሰቡን በላብ መጋገር ማለት ነው። በድምፅ ብልጫ ኤሲው አሸነፈ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ካርታችን ተለወጠ። ሌላው ተጓዥ ከፓርክ ወደ ፓርክ ይሄዳል፤ እኛ ከእንጀራ ወደ እንጀራ። ላስ ቬጋስ ለዓለም ቁማር ነው፤ ለእኛ ዛየን ፓርክ ከመግባታችን በፊት የምናገኘው የመጨረሻው ሐበሻ ሱቅ ነው። ሮኪ ማውንቴንም የምትታየን ዴንቨር ላይ ፍሪዘሩ ከሞላ ነው።

ስለ ሽንት ቤቱ ለጠየቃችሁ ደግሞ፦ የእሱ ማጠራቀሚያ ጥቁር ታንከር ይባላል፣ የገላና የዕቃ እጣቢው ግራጫ። በየጥቂት ቀኑ ማስወገጃ ቦታ ሄዶ ወፍራም ቱቦ ይገጠማል። አስቀድሞ ጥቁሩ ይለቀቃል፣ ቀጥሎ ግራጫው፤ ሁለተኛው ቱቦውን እያጠበ እንዲወርድ። ሥራው የባለቤቴ ነው። ጓንቱን አጥልቆ ሲወርድ ባየሁ ቁጥር፣ ሊያጩኝ የመጡት ሽማግሌዎች እሱን ለቤተሰቦቼ ሲያስተዋውቁ ይህን ሳይጠቅሱ መቅረታቸው ይቆጨኛል። በዚህ ጉዳይ ተጣልተን አናውቅም፤ ለመጣላትም አልደፍርም።

ሰው ቤቱን ትቶ የሚወጣው እንዳሻው ለመሆን ነው ይባላል። ግራንድ ካንየን ያለው ሜዘር የሚባለው ካምፕ ከስድስት ወር በፊት ነው የሚያዘው። ነገ ጠዋት ቁርስ ምን እንደሆነ ሳናውቅ የዛሬ ስድስት ወር ማታ የትኛው ዛፍ ሥር እንደምናድር እናውቃለን። ይሁን፤ ነፃነቱ ሌላ ቦታ ነው።

ነፃነቱ የእግር መንገዱ ላይ ነው። የጎደለን ክፍል እሱ ሆኖ ተገኘ። ኮንግረሱ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ፓርክ፣ የሎውስቶንን፣ እ.ኤ.አ. በ1872 ሲከልል ለሕዝብ ጥቅምና ደስታ ብሎ ነው፤ ዛሬ ፓርኮቹ 63 ደርሰዋል። እኔን ቢጠይቁኝ ለኩርፊያ ነው እላለሁ። ጠዋት ጫማ ታስሮ ሲወጣ ያኮረፈው ወይ ከፊት ይቀድማል፣ ወይ ከኋላ ይቀራል። ማንም "ምን ሆነሃል?" አይለውም፤ ተራራ እያየ ነው ይባላል። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ካኮረፈ በኋላ አንዳች ነገር ያያል፣ አጋዘን ወይም ፏፏቴ፤ ብቻውን ማየቱ አያስችለውም፣ ቆሞ ይጠብቀናል። ለመታረቅ እንደመጣ ማንም አያነሣበትም።

ችግሩ ልጆች ያሉበት ጉዞ ሁለት ኪሎ ሜትር አለመሙላቱ ነው።

ግራንድ ካንየን ጠርዝ ላይ ቆመን ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። 446 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሚጠልቀውን ገደል ስልኬን አዙሬ አሳየኋት። እናቴ በልጅነቷ ዓባይ በረሃን በእግሯ ወርዳ፣ ወጥታ፣ ጎሐ ጽዮን ገበያ ውላ የምትመለስ ሴት ናት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየች።

"ገደል ነው እንዴ?"

"አዎ እማዬ።"

"ወዲያ ማዶ ዘመድ አላችሁ?"

"የለንም።"

"ታዲያ ምን ያስወርዳችኋል?"

"ለማየት ነው።"

"ከላይ አይታይም?"

መልስ ሳልሰጣት ብራይት ኤንጅል በሚባለው መንገድ ቱሪስት የተጫኑ በቅሎዎች ብቅ አሉ። ፊቷ በራ። "እንዲህ ነው እንጂ! እናንተም በበቅሎ ውረዱ፤ ልጆቹን ደግሞ ከላይ ተዋቸው" ብላ፣ የበቅሎዎቹን ጀርባ አመስግና፣ ተሰናበተችን።

ባለቤቴ ያሰበው ከጠርዙ በመንገዱ 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል ተወርዶ እስካለው የመጀመሪያው ማረፊያ ድረስ ነበር። ትልቅ ዕቅድ አይደለም። ሬንጀር የሚባሉት የፓርኩ ጠባቂዎች ወደ ወንዙ ወርዶ በዚያው ቀን መመለስን እንዳትሞክሩ ይላሉ፤ ለመውጫው የመውረጃውን እጥፍ ጊዜ ያዙ ይላሉ። ይህን ሲሉ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ጨምረው ያሰሉ አይመስለኝም። ትንሹ ልጄ ሲወርድ ሮጠ። ከዚያ የበቅሎ ፋንድያ አገኘ። ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በእግረኛ መንገድ ላይ ክፍት ሆኖ፣ ማንም ሳያነሣው፣ ከላዩ ዝንብ ሰፍሮበት ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ከፊቱ በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር የድንጋይ ንብርብር ተዘርግቶ እሱ ቁጢጥ ብሎ ፋንድያ ይመረምራል። እሱን አስነሥተን ትንሽ እንደወረድን ሌላ አገኘ። በቅሎዎቹ ለጋሶች ነበሩ።

ባለቤቴ ሰዓቱን አየ፣ ማረፊያውን አየ፣ እኔን አየኝ። "ጠዋት ቶሎ ብንወጣ ኖሮ..." ብሎ ጀመረ፤ የጠዋቱ መዘግየት የማን እንደሆነ ሁለታችንም ስለምናውቅ ዓረፍተ ነገሩ አልተጨረሰም። አኩርፎ ወደላይ ቀደመ። አሥር እርምጃ እንኳን ሳይሄድ ከኋላው "ባባ፣ እሽኮኮ!" የሚል ድምፅ መጣ። ልጅ እሽኮኮ ያለ ሰው ማኩረፍ አይችልም። ልጁ ሁለቱን ጆሮውን እንደ መሪ ይዞ ቁራ ባየ ቁጥር አንገቱን ያዞርበታል፤ ከላዩ ሆኖ እየዘፈነ ቅጠል ይበትንበታል። ጠርዙ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ትንፋሹ ስለተቆራረጠ አኩርፎ ይሁን ደክሞት መለየት አልተቻለም። እሱም የረሳው ይመስለኛል።

ትልቋ እንዲህ በቀላሉ አትያዝም፤ ሥልጣን አላት። በየፓርኩ ለልጆች የሚሰጥ መጽሐፍ አለ። ጥያቄውን የመለሰ ልጅ ሬንጀሩ ፊት ቀኝ እጁን አንሥቶ ይምላል፣ ጁኒየር ሬንጀር ተብሎ ባጅ ይደረግለታል። ሌሎች ልጆች ባጁን ይሰበስባሉ። የእኔ ልጅ መሐላውን ሰብስባዋለች። ብራይስ ካንየን ውስጥ ስንሄድ አፍንጫዬን አንድ ሽታ መታው። ዞር ብል ሴጅብረሽ የሚሉት ግራጫ ቁጥቋጦ ነው፤ ከአሪቲ ጋር አንድ ወገን። የእናቴን የበዓል ዋዜማ ይሸታል። ለከሰዓቱ ቡና ትንሽ ረከቦቱ ዙሪያ ብበትን ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

"ማሚ!"

እጄን ሰበሰብኩ።

"ሁሉም ሰው አንድ አንድ ቢቀነጥስስ?" አለችኝ፣ ሬንጀሩ የተናገረውን በሬንጀሩ ድምፅ። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ምንም የምለው አልነበረኝም። ቡናው ያለ አሪቲ ተጠጣ።

ከባጁ የሚበልጥ ሌላ ሥልጣንም አላት። አሜሪካ ውስጥ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በነፃ የፓርክ መግቢያ ካርድ ይሰጠዋል፤ ካርዱ ልጁን ብቻ ሳይሆን አብሮት በመኪናው ያለውን ቤተሰብ ያስገባል። የዓመቱ ካርድ ለእንደ እኛ ያለው 80 ዶላር ነው። እኛ ግን የምንገባው በእሷ ስም ነው፤ ካርዱ እንዲሠራ ደግሞ እሷ መኪናው ውስጥ መኖር አለባት። ለቤቱ የሚከፍሉት አባትና እናት፣ በር የምታስከፍተው እሷ። ይህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ምን ዓይነት ለውጥ እንደሚያመጣ ሕጉን ያወጡት ሰዎች አስበውበት ይሆን?

የሎውስቶን ስንደርስ ግን የሁላችንም ሥልጣን ወደ ድብ ተላለፈ። የፓርኩ ትልቁ ሐይቅ 2,357 ሜትር ላይ ነው፤ አዲስ አበባን የሚያህል ከፍታ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሲተነፍሱ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ቀደምኩ። ብዙም አልቀደምኩም፤ ሕጉና ምክሩ አያስኬዱም። ሕጉ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር፣ ከጎሽና ከሌላው 23 ሜትር ራቁ ይላል። ምክሩ ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ሂዱ፣ ድብ በድንገት እንዳታገኙት ድምፅ እያሰማችሁ ሂዱ፣ የድብ መርጫ ያዙ ይላል። መርጫው የሚያቃጥል ቃሪያ ዘይት በግፊት የታመቀበት ጣሳ ነው። እናቴ ስትሰማ "በርበሬ ከሆነማ እኔ እልክላችኋለሁ፤ የፈረንጅ ምን ያቃጥላል?" ብላለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። ፊሺንግ ብሪጅ የሚባለው ካምፕ ድብ ስለሚበዛበት ድንኳን አያስገባም፤ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ አርቪ ብቻ ነው የሚያድርበት። ማታ እዚያ ወደኋላ ስንገባ ታሪክ የማይረሳው "ስበር! አቅና!" ተካሂዶ፣ ሁለታችንም ከጓዳ አልፎ ወላጅ ቤት የሚያስኬድ ኩርፊያ ላይ ነበርን። ጠዋት መንገዱ ላይ እንደ ልማዳችን ልንራራቅ ስንል አይቻልም፤ ሦስት ሆናችሁ ነው። ዝም ብለን ልንሄድ ስንል አይቻልም፤ ድምፅ አሰሙ ነው። ሌላው ተጓዥ በየመታጠፊያው "ሄይ ድብ!" እያለ ያልፋል። ባለቤቴ ትንሽ ሄደና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ጫካው፣ በአማርኛ፦

"አያ ድብ! ትናንት 'ቀኝ ስበር' ስትለኝ ቀኙ የማን እንደሆነ አልነገረችኝም!"

እኔም ዝም የምል አይደለሁም። "አያ ድብ! ረዳት ቀኝ ካለ የሹፌሩ ቀኝ ነው! ይህን መርካቶ ያለ ሕፃን ያውቀዋል!"

"አያ ድብ! በመስተዋት ስታያት እጇ ወደ ግራ ነበር የሚያሳየው!"

"አያ ድብ! አፏን እንጂ እጇን ማን እይ አለው!"

ትልቋ ልጄ መሐል ገባች። "አያ ድብ! እነዚህ ሰዎች ያሳፍሩኛል!" ትንሹ ደግሞ "አያ ድብ! እርቦኛል!" አለ፤ ደጋግሞ፣ በጣም ጮክ ብሎ፣ ለድብ የማይነገር ነገር መሆኑን ማንም ሳያስረዳው። ዕድሜ ልኩን "ዝም በል" ስንለው የኖርነው ልጅ በመንግሥት ፈቃድ ሲጮህ ማቆሚያ አጣ። ከፊት ይመጡ የነበሩ ጥንዶች ቆመው አሳለፉን። ድቡ አልመጣም። ግራ ቀኙን ከሩቅ ሰምቶ፣ ሁለታችንም ጥፋተኞች ነን ብሎ ሄዶ ይሆናል፤ ደጀን ያሉት ሽማግሌዎችም ከዚህ የተለየ ፍርድ ሰጥተው አያውቁም። የተራራው ወገብ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ውሃ አቀበለኝ፣ "እስቲ አሳልፊኝ" ብሎ አለፈኝ። ያን ያህል ሰፊ መንገድ ላይ ማሳለፉ አላስፈለገም ነበር።

ከየሎውስቶን በስተደቡብ ግራንድ ቲተን ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ትልቋ ቀበቶዋን አስራ፣ የጃኬቷን ኮፍያ እስከ አገጯ ስባ ተቀምጣለች። በዚያ ጩኸት ያፈረችው ገና አልወጣላትም። ካርዱ ኪሷ ውስጥ ነው። ሬንጀሯ በመስኮት እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች፣ ከኋላችን መኪና ተሰልፏል። አባትዋ ዞሮ "የኔ ቆንጆ" አላት። ምንም የለም። "ዛሬ ሽሮ አይሠራም" አልኩ እኔ። ኮፍያው ትንሽ ከፍ አለ። "ነገስ?" አለች ከውስጥ። "ነገም።" "ወደኋላ ስንገባስ ማሚ ትጮሃለች?" ባለቤቴ አየኝ። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። "አልጮህም" አልኩ፤ ካርዱ ወጣ።

ካርዱ ኦገስት 31 ያበቃል። አምስተኛ ክፍል ስትገባ እንደማንኛውም የአገሩ ነዋሪ 80 ዶላራችንን ከፍለን እንገባለን፤ ትንሹ አራተኛ ክፍል እስኪደርስ ሦስት ዓመት ይቀረዋል። እሱ ግን እህቱ የሠራችውን አይቶ ከአሁኑ ቅድመ ሁኔታዎቹን መደርደር ጀምሯል። የመጀመሪያው፣ ያኔም ቢሆን፣ ዳገት ላይ እሽኮኮ ነው። ባለቤቴ ሰምቶ ወገቡን ያዘና 80 ዶላሩን እኔው እከፍላለሁ አለ።